የፍየል ወተት ለቤት ውስጥ ሳሙና፦ ከየት ይገኛል? እንዴትስ ይያዛል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች በእጅ የተሠሩ ሳሙናዎች በየመደብሩ መታየት ጀምረዋል። ከእነዚህም መካከል «የፍየል ወተት ያለበት» የሚል ጽሑፍ የያዙት ከሌሎቹ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣሉ። ይህን አይተው በቤታቸው ለመሞከር የሚነሡ ተማሪዎች የሚገጥማቸው የመጀመሪያ እንቅፋት ግን የኬሚስትሪ ሳይሆን የገበያ ነው። ሞራው ከሥጋ ቤት፣ የኑግ ዘይቱ ከዘይት መጭመቂያ፣ ኮስቲክ ሶዳው ከኬሚካል መደብር ይገኛል። የፍየል ወተት ግን ከየትኛው ሱቅ ይጠየቃል?

ነገሩ እንግዳ ይመስላል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ያካሄደው የእንስሳት ናሙና ጥናት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየሎች አሉ። ይሁንና አንድ የከተማ ነዋሪ አንድ ሊትር የፍየል ወተት ፍለጋ ቢነሣ ሳምንት ሙሉ ሊንከራተት ይችላል። ይህ ጽሑፍ ወተቱ የት እንደሚገኝ፣ መቼ ቢገዛ እንደሚሻል፣ ሲገዛ ምን መታየት እንዳለበትና ወደ ሳሙናው እስኪገባ ድረስ እንዴት እንደሚያዝ ለማስረዳት ይሞክራል። አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል፤ መልሱ ምን ያህል ወተት፣ ከማንስ ድርሻ ላይ እንደምንወስድ ይወስናልና። ለመሆኑ ወተቱ በሳሙናው ውስጥ ምን ይሠራል?

ሳሙናውን የሚሠራው ማን ነው?

ሳሙና ማለት ስብና አልካሊ ተዋህደው የሚፈጥሩት ጨው ነው። ስብም ሆነ ዘይት በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ ከሚባል ውሁድ የተሠራ ነው፤ ይኸውም አንድ ግሊሰሪን ሦስት ፋቲ አሲዶችን አቅፎ የያዘበት ሞለኪውል ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (በገበያ ስሙ ኮስቲክ ሶዳ) ሲገባበት ይህ እቅፍ ይፈታል። ሦስቱ ፋቲ አሲዶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሶዲየም ይዘው ሳሙና ይሆናሉ፤ ግሊሰሪኑም ነፃ ይወጣል። ይህን ምስጢር የገለጠው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ሲሆን፣ ስለ እንስሳት ስብ ያካሄደውን ምርምር እ.ኤ.አ. በ1823 በመጽሐፍ አሳትሟል። ሰዎች ሳሙና መሥራት ከጀመሩ ብዙ ሺህ ዓመታት ያለፉ ቢሆንም፣ ምን እየሠሩ እንደነበር በትክክል ያወቁት ከእርሱ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ አረፋ የሚሰጥ ሁሉ ሳሙና አይደለም። እናቶቻችን ነጠላ የሚያጥቡበት እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በተባለ የተክል ውሁድ አማካይነት ነው፤ ስብም ሶዳም አይገባበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉትም በዚሁ የእንዶድ ኃይል የተነሣ ነበር።

ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ ከላይ በተገለጸው ሂደት ውስጥ ስብ አለ፣ ሶዳ አለ፣ ወተት ግን የለም። ወተት የሚገባው ሶዳው በሚሟሟበት ውኃ ቦታ ነው። የፍየል ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ቦታውን በሚገባ ይተካል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለአብነት 600 ግራም የቀለጠና የተጣራ የከብት ሞራ፣ 200 ግራም የኮኮናት ዘይትና 200 ግራም የኑግ ዘይት እንውሰድ። አንድ ግራም ሞራ ወደ ሳሙና ለመለወጥ 0.140 ግራም ያህል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል፤ የኮኮናት ዘይት 0.183፣ የኑግ ዘይት ደግሞ 0.135 ግራም ገደማ። አባዝተን ስንደምር 84፣ 36.6 እና 27፣ በድምሩ 147.6 ግራም ይሆናል። ከዚህ ላይ 5 በመቶ ቀንሰን 140 ግራም እንይዛለን። እንዲህ የምናደርገው ጥቂት ስብ ሳይለወጥ እንዲቀር እንጂ ሶዳ ተርፎ ቆዳ እንዳያቃጥል ነው። ይህን ሶዳ ለማሟሟት 300 ግራም ፈሳሽ ይበቃል።

ፈሳሹ በሙሉ የፍየል ወተት ቢሆን በውስጡ 260 ግራም ያህል ውኃ፣ 13 ግራም ያህል ላክቶስ፣ 10 ግራም ያህል ፕሮቲንና 12 ግራም ያህል ስብ ይኖራል። 12 ግራም ስብ ከ1,000 ግራም ሞራና ዘይት ጎን ሲቆም ኢምንት ነው። ስለዚህ «ሳሙናው የተሠራው ከፍየል ወተት ነው» ማለት ያስቸግራል። የተሠራው ከሞራና ከዘይት ነው፤ ወተቱ አብሮ ገብቶበታል።

ሁሉም ተደባልቆ 1,440 ግራም ይመዝናል። ሲደርቅ ውኃው በከፊል ስለሚተን 100 ግራም የሚመዝኑ 12 ያህል ሳሙናዎች ይወጡታል። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር የፍየል ወተት ለ40 ሳሙናዎች ይበቃል ማለት ነው። በግጦሽ ብቻ የምትኖር የአገራችን ፍየል ለግልገሏ ከምታጠባው ተርፎ በቀን የምትሰጠው በአብዛኛው ከግማሽ ሊትር አይበልጥም። ይህም እንኳ 20 ሳሙና ይሆናል። እንግዲህ ለቤት ፍጆታ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ ወተት ሳይሆን ጥቂት፣ ምንጩ የታወቀ ወተት ነው።

ፍየል የምትታለበው የት ነው?

በደጋው የአገራችን ክፍል ፍየል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታሰበው ሙክቱ ወይም ቆዳው ነው። ፍየል የሚያረቡ ቤተሰቦች ቢኖሩም ወተቱን ለግልገሉ መተው የተለመደ ነው። በቆላው ግን ሁኔታው ይለያል። በአፋር፣ በሶማሌ ክልልና በቦረና ፍየል የዕለት ወተት ምንጭ ናት። ግመሎቹና ከብቶቹ ግጦሽ ፍለጋ ርቀው ሲሄዱ ከቤት አጠገብ የምትቀረው እርሷ በመሆኗ ሕፃናቱና አረጋውያኑ የሚጠጡት የእርሷን ወተት ነው። በሰሜን ደግሞ በዋግ ኽምራና በተምቤን አካባቢ የሚገኘው የአበርገሌ ፍየል ዝርያ ከሥጋው ባሻገር ለወተቱም ይፈለጋል።

ለገዢ በጣም ምቹ የሆነው የምሥራቁ መስመር ነው። በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በባቢሌና በጅግጅጋ ገበያዎች ሴቶች በየማለዳው ወተት ይዘው ይወጣሉ። ሆኖም በጄሪካኑ ውስጥ ያለው የፍየል ወተት ብቻ ላይሆን ይችላል። ከየቤቱ የተሰበሰበ የግመል፣ የላምና የፍየል ወተት በአንድ ዕቃ መደባለቁ የተለመደ ነው። ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ ወተቱ ለመጠጥ ስለሚሸጥ ለይቶ የሚጠይቅ ገዢ ስለሌለ ነው። የፍየሉን ብቻ የሚፈልግ ሰው ከአንዲት ወተት ሻጭ ጋር ቀደም ብሎ ተነጋግሮ በተለየ ዕቃ እንድታመጣለት ቢስማማ ይሻለዋል።

በዚሁ በምሥራቅ ሐረርጌ እንዲሁም በደቡብ አካባቢዎች ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንግሎ ኑቢያን የተባለውን የወተት ፍየል ዝርያ ከሶማሌ ፍየሎች ጋር በማዳቀል ለሴት አርሶ አደሮች የማዳረስ ፕሮጀክት አካሂዶ ነበር። የደጋው ገበሬ የፍየል ወተትን እንዲለምድ ከተደረጉት ጥረቶች ይህ ተጠቃሽ ነው። ከገበያ ርቆ ለሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ የግብርና ኮሌጅ ባላቸው ተቋማት የሚገኙ የፍየል እርባታ ጣቢያዎችን መጠየቅ አንዱ መንገድ ነው። የእንስሳቱ የጤና ምርመራ በመዝገብ የሚያዝበት ጣቢያ ከተገኘ ደግሞ ከማንኛውም ገበያ ይመረጣል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሚገዛበት ወቅትም ከቦታው ያላነሰ ግምት ሊሰጠው ይገባል። ፍየል የምትወልደው ካረገዘች ከአምስት ወር በኋላ ሲሆን፣ በቆላው ወተት የሚትረፈረፈው ዝናብ ጥሎ ቅጠሉ ሲለመልም ነው። በሶማሌ ክልል ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው የጉ ዝናብና በጥቅምት በሚጀምረው ዴይር፣ በቦረና በጋናና በሐጋያ፣ በአፋር ደግሞ በከረማ ወቅት ወተት ይበዛል፣ ዋጋውም ይወርዳል። አዲስ የወለደች ፍየል እንገር ግን ለግልገሉ የተተወ መሆን አለበት። ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ ሲሞቅ ስለሚረጋ ለሳሙናም አይመችም።

እዚህ ላይ የጽሑፉ አቅራቢ አንድ አቋም መግለጽ ይወዳል። በአርብቶ አደሩ ቤት ወተት የምትሸጠው ሴቲቱ ናት፤ ገንዘቡም በእርሷ እጅ ይገባል፣ ለእህልና ለስኳር ይውላል። ስለሆነም በጥጋብ ወቅት ወተት መግዛት ቤተሰቡን የሚጠቅም ነው። በድርቅ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በቦረናና በሶማሌ ክልል በከሸፉ ጊዜ በሕይወት የተረፈችው ፍየል ጡት ለሕፃኑም አልበቃም። በእንዲህ ያለ ወቅት ለከተማ መታጠቢያ ቤት ወተት መግዛት ከሕፃን አፍ መንጠቅ ነው። ሳሙናው በውኃም ይሠራልና በውኃ ይሠራ።

ደግነቱ ሳሙና ለመጠጥ የሚሆነውን ወተት አይፈልግም። ሳይሸጥ ውሎ መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ለዚህ ሥራ ይበቃል። በኮመጠጠ ወተት ውስጥ 1 በመቶ ላክቲክ አሲድ ቢኖር በ300 ግራሙ ውስጥ 3 ግራም ይሆናል፤ ይህም 1.3 ግራም ያህል ሶዳ ይበላል። ከ140 ግራም ሲታሰብ ከአንድ በመቶ ያነሰ ስለሆነ የሚያስከትለው ለውጥ ሳይለወጥ የሚቀረውን ስብ በጥቂቱ መጨመር ብቻ ነው። የረጋውን በወንፊት አጣርቶ መጠቀም ነው። በጾም ወራትም እንዲሁ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት በክርስቲያኑ አካባቢ ወተት የሚጠጣው ሰው ስለሚቀንስ ትርፍ ወተት በቅናሽ ሊገኝ ይችላል።

የማልታ ትኩሳት

ጥሬ የፍየል ወተት ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሁሉ የማልታን ታሪክ ማወቅ አለበት። በሜዲትራንያን ባሕር ላይ በምትገኘው በዚህች ደሴት የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች በ19ኛው መቶ ዘመን በሚመላለስ ትኩሳት፣ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ለወራት ይሠቃዩ ነበር። ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1887 የበሽታውን ባክቴሪያ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ለይቶ አወጣ። ከየት እንደሚመጣ ግን ለ18 ዓመታት ሳይታወቅ ቀረ። ውኃው፣ አየሩ፣ አቧራውና ትንኙ ተጠርጥረው ነበር።

መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የማልታው ተወላጅ ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የደሴቲቱን ፍየሎች ደም ሲመረምር ባክቴሪያው በእነርሱ ዘንድ መኖሩን አረጋገጠ። በወቅቱ ፍየሎቹ በየመንገዱ እየተነዱ በየደጁ ይታለቡ ነበር፤ የበሽታ ምልክትም አልነበራቸውም፤ ወፍራምና ጤነኛ ይመስሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ወታደሮቹ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከሉ የሕሙማኑ ቁጥር በፍጥነት አሽቆለቆለ። ባክቴሪያው ዛሬ ብሩሴላ ሜሊተንሲስ ይባላል፤ የመጀመሪያው ስም ከብሩስ፣ ሁለተኛው ማልታ በሮማውያን ዘመን ከነበራት ስም የመጣ ነው። በአገራችንም በአርብቶ አደር አካባቢዎች በሚገኙ ፍየሎች ላይ መኖሩ በምርመራ ተረጋግጧል።

«ኮስቲክ ሶዳው ባክቴሪያውን አይገድለውም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በእርግጥ ይገድለዋል። አደጋው ያለው ግን ወተቱ ከሶዳው ጋር ከመገናኘቱ በፊት ነው። ወተቱ ከጄሪካን ወደ ጆግ ሲገለበጥ በቆሰለ እጅ ላይ ይፈሳል፤ «ጣዕሙ እንዴት ነው?» ተብሎ ይቀመሳል፤ የተረፈውን ታናሽ ወንድም ወይም እህት ይጠጣዋል። ስለዚህ ወተቱ ቤት እንደገባ መፈላት አለበት። ቴርሞሜትር ያለው ሰው በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ እያማሰለ ቢያቆየው ፓስተራይዝ ይሆናል፤ የሌለው አንዴ ቢያፈላው በቂ ነው። የፈላ ወተት ለሳሙና ምንም ጉድለት የለበትም። የብሩሴላን ምርመራ አዘውትሮ የሚያደርግ እርባታ ይመረጣል ያልነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲገዛ ምን ይታያል?

አንድ ማንኪያ ወተት አፍልቶ ማየት ቀላሉ ፈተና ነው። ትኩስ ወተት ሲፈላ አይቋጠርም፤ ከቋጠረ መኮምጠጥ ጀምሯል ወይም እንገር አለበት። ላክቶሜትር የሚገኝበት ቤተ ሙከራ ያለው ተማሪ የወተቱን እፍጋት ሊለካ ይችላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1.028 ግራም በታች ከወረደ ውኃ ሳይጨመርበት አልቀረም። በወተት ማቀነባበሪያዎች የሚሠራበት የአልኮል ፈተና ግን ለፍየል ወተት አያገለግልም። ትኩስ የፍየል ወተት እንኳ በአልኮል ሊቋጠር ስለሚችል ያለ ጥፋቱ ይወድቃል።

የላም ወተት ተደባልቆበት እንደሆነ ለመጠርጠር ደግሞ ወተቱን በብርጭቆ አሳድሮ ማየት ይጠቅማል። የላም ወተት በማግሥቱ ጠዋት ክሬሙ ከላይ ተንሳፎ ይገኛል፤ ወደ ቢጫም ያደላል። የፍየል ወተት የስብ ጠብታዎቹ ደቃቃ ስለሆኑና አንድ ላይ ስለማይሰባሰቡ ክሬሙ ቶሎ አይወጣም። ቀለሙም ነጭ ነው፤ ምክንያቱም ፍየል ከቅጠሉ የምታገኘውን ቢጫ ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ ለውጣ ነው ወደ ወተቷ የምታስገባው። ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ኬሚስትሪው ራሱ ብዙም ልዩነት አያደርግም፤ የላም ወተትም ሳሙና ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ የሚመጣው ሳሙናው ላይ በሚለጠፈው ጽሑፍ እውነትነት ላይ ነው።

ወተቱ ጢስ ጢስ የሚል ከሆነ አያሳስብም። በብዙ አካባቢ የወተት ዕቃ በወይራ ወይም በሌላ እንጨት ጢስ ይታጠናል፤ ይህም ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። የጢሱ መዓዛ ግን በሳሙናው ላይ በጥቂቱ ሊቀር ይችላል። ብዙዎች የሚፈሩት «የፍየል ሽታ» የሚባለውን ነው። ሽታው የሚመጣው ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ ከተባሉ አጫጭር ፋቲ አሲዶች ሲሆን፣ ስማቸው ራሱ ካፕራ ከተባለው የፍየል የላቲን ስም የወጣ ነው። እነዚህ አሲዶች ነፃ ሲሆኑ ተነው አፍንጫ ይደርሳሉ። ሶዳ ሲያገኛቸው ግን ወደ ሶዲየም ጨው ተለውጠው መትነን ያቆማሉ። ፍየል ፍየል የሚል ወተት የማይሸት ሳሙና የሚሆነው ለዚህ ነው።

በረዶ ለምን አስፈለገ?

የወተት ሳሙና ከውኃው ሳሙና የሚከብደው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሟሟ ብርቱ ሙቀት ይሰጣል። 140 ግራም ማለት 3.5 ሞል ነው፤ በ300 ግራም ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ 130 ኪሎጁል ያህል ያወጣል። ይህ ሙቀት በክፍል ሙቀት የነበረውን ፈሳሽ ወደ 90 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ውኃ ቢሆን ቀዝቅዞ ይቀጥላል። ወተት ሲሆን ግን ላክቶሱ በጠንካራ አልካሊና በሙቀት ተሰባብሮ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ ፕሮቲኑም አሞኒያ እየለቀቀ ዐይን የሚያስለቅስ ሽታ ያወጣል።

መፍትሔው ወተቱን አስቀድሞ በረዶ ማድረግ ነው። አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ጁል ሙቀት ይውጣል። በ300 ግራም ወተት ውስጥ ያለው 260 ግራም ውኃ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ 87 ኪሎጁል ያህል ይወስዳል ማለት ነው፤ ከ130ው ሁለት ሦስተኛው በዚህ ተዋጠ። የሚቀረው 43 ኪሎጁል ድብልቁን ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ ቢያደርሰው ነው። በትምህርት ቤት ስለ ሥውር ሙቀት የተማርነው ቀመር ከዚህ የበለጠ የሚታይ ጥቅም ላይ ሲውል ማየት ያስደስታል። አሠራሩም በረዶ የሆነውን ወተት ፍርክስክስ አድርጎ ሶዳውን በማንኪያ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ ማማሰል ነው። ሞራው ግን በ30 ዲግሪ ስለሚረጋ ስቡን በ45 ዲግሪ ገደማ ሞቅ አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ማቀዝቀዣ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ሰው ምን ያድርግ? ሶዳው በእኩል ክብደቱ ውኃ ውስጥ ሊሟሟ ስለሚችል 140 ግራም ሶዳ በ140 ግራም ንጹሕ ውኃ አሟሙቶ እስኪበርድ ይጠብቅ። ከዚያም 160 ግራም የቀዘቀዘ ወተት ከቀለጠው ስብ ጋር ቀላቅሎ የሶዳውን ውኃ በዚያ ላይ በቀስታ ያፍስስ። የወተቱ መጠን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ሳሙናው ግን አይቃጠልም። በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚሻለው ይህኛው ነው። በሁለቱም መንገድ ድብልቁ ወፍሮ ከማንኪያ የሚንጠባጠበው በላዩ ላይ ምልክት ትቶ እስኪታይ ድረስ ይማሰላል፤ ከዚያም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈሳል። የወተቱ ስኳር ሙቀት ስለሚጨምር በብርድ ልብስ መሸፈን አያስፈልግም።

ሶዳውን የሚይዝ እጅ

ኮስቲክ ሶዳ ሥጋን ያሟሟል። ዐይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር፣ ከተዋጠ ጉሮሮን አቃጥሎ ለዕድሜ ልክ ሊያጠብ ይችላል። መነጽር፣ የላስቲክ ጓንትና ረጅም እጅጌ ግድ ናቸው። ሶዳው ወደ ፈሳሹ ይጨመራል እንጂ ፈሳሹ በሶዳው ላይ አይፈስም። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፤ የተዋጠ እንደሆነ ለማስመለስ መሞከር ጉዳቱን ያብሳል። የሶዳ ውኃ ፈጽሞ በተለምዶ «ሃይላንድ» በምንለው የውኃ ጠርሙስ መቀመጥ የለበትም። ነጭ ሆኖ በወተት የተሞላ ጆግም ለሕፃን ዐይን ወተት ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ሥራ በር ዘግቶ መሥራት ያስፈልጋል።

የአገራችን ወጥ ቤት ተጨማሪ ወጥመድ አለው። «ብረት ድስት» ብለን የምንጠራው በአብዛኛው ብረት ሳይሆን አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ እየተበላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ ድብልቁም እየተንተከተከ ይገነፍላል። ስለዚህ የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ መጠቀም ያሻል፤ ያ ዕቃም ዳግመኛ ለምግብ አይውልም። ሶዳው ራሱ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚዳከም ክዳኑ በሚገባ ከሚዘጋ ዕቃ የተገዛ መሆን አለበት። ተከፍቶ ከከረመ ጆንያ ተመዝኖ የተሸጠ ሶዳ ስሌቱን ያዛባዋል።

ቆዳ ላይ ምን ይቀራል?

ስለ ፍየል ወተት ሳሙና ብዙ ይባላል። «ፒኤቹ ከቆዳ ጋር እኩል ነው» የሚለው ስሕተት ነው። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ሲሆን፣ ከስብና ከሶዳ የተሠራ ማንኛውም ሳሙና፣ ወተት ገባበትም አልገባበትም፣ ከ9 እስከ 10.5 ባለው ውስጥ ነው። አሲዳም የሆነ ሳሙና ሳሙናነቱን ያጣል፤ ወደ ፋቲ አሲድ ይመለሳልና። «ላክቲክ አሲዱ ቆዳን ያድሳል» የሚባለውም ሶዳው አሲዱን ወደ ሶዲየም ላክቴት እንደሚለውጠው ይዘነጋል። ቫይታሚኖቹም ከአልካሊው ቢተርፉ እንኳ ቆዳ ላይ የሚቆዩት ለደቂቃ ነው፤ ከአረፋው ጋር ይታጠባሉ።

ታዲያ ምንም ጥቅም የለውም ማለት ነው? አይደለም። ሳይለወጥ እንዲቀር የተተወው ስብና ከሳሙናው ያልወጣው ግሊሰሪን ቆዳን ያለሰልሳሉ፤ ይህ ግን በቤት የሚሠራ ሳሙና ሁሉ በረከት ነው። ወተቱ የሚጨምረው በስኳሩ አማካይነት አረፋውን ማብዛት፣ በፕሮቲኑ አማካይነት ደግሞ አረፋውን ወፍራምና ቅባታም ማድረግ ነው። ለእጅ የሚሰማ ልዩነት ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ኤክዜማ ወይም ሌላ የቆዳ ሕመም ያለበት ሰው በዚህ ሳሙና እድናለሁ ብሎ ሐኪም ከማየት መዘግየት የለበትም።

ሳሙናው ከቅርጽ ማውጫው ከወጣ በኋላ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይደርቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው የአሞኒያ ሽታ እየጠፋ ይሄዳል፤ ቀለሙም ከነጭ ወደ ወተት ሻይ ሊጠጋ ይችላል። የኑግ ዘይት ከተጠቀሰው መጠን በላይ ከገባ ሳሙናው ይለሰልሳል፤ ዘይቱ በኦክስጅን ቶሎ ስለሚበላሽም ከወራት በኋላ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ከመጠቀም በፊት ገጽታውን በጥቂት ውኃ አርጥቦ በፒኤች ወረቀት መለካት ይገባል። ወረቀቱ ከ10.5 በላይ ካሳየ ለሁለት ሳምንት ጨምሮ ማቆየትና እንደገና መለካት፣ ያኔም ካልወረደ ለገላ ሳይሆን በጓንት ለወለል ማጽጃ ማዋል ነው።